በባዶው ቦታ የቀረው ጫማ

ዌምብሊ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ካለው የመኪና ማቆሚያ ግቢ፣ እሁድ ዕለት አንድ ሙሉ ቤት ተሰረቀ። ቀልድ አይደለም። አልጋ፣ ምድጃ፣ መታጠቢያ፣ ምንጣፍ ሳይቀር ያለው፣ እየነዱ የሚኖሩበት ረጅም ነጭ ካምፐር ነው። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል። ካምፐሩ ቆሞበት የነበረው ቦታ ግን ደረቅ ነው፤ ከደረቁ ቦታ ጎን፣ የጎን በሩ በነበረበት ልክ፣ አንድ ጥንድ ጥቁር የወንድ ጫማ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል።

«ሌባው እዚህ ጋ ጫማ ቀይሯል» አለ ሳጅን ኮሊንስ ጎንበስ ብሎ እያየ።

«አልቀየረም። አውልቆ ነው የገባው» አለች ኢንስፔክተር ሃርነት።

«ሊሰርቅ የመጣ ሰው ጫማውን ያወልቃል?»

ሃርነት ሳትመልስ ባለቤቲቱ እትዬ ሰቢሃ ጣልቃ ገቡ። እንግሊዝኛው ገብቷቸዋል፤ ንዴቱ ግን በአማርኛ ነው የመጣላቸው። «ልጄ፣ ንገሪው እስቲ! በኔ ምንጣፍ ላይ በጫማ የሄደ ሰው እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። ሚኒስትርም ቢመጣ ደረጃው ስር አውልቆ ነው የሚገባው!»

ሃርነት ሳቋን ዋጥ አደረገችው። ወላጆቿ አማርኛ የተማሩ የአስመራ ሰዎች ናቸው፤ ለንደን ስቶክዌል ስታድግ እናቷም እንደዚሁ በር ላይ ቆመው የሰው ሁሉ እግር ይቆጣጠሩ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባት። የሰውየው እጅ ሲሰርቅ እግሩ በልማዱ የቤቱን ሕግ አክብሯል። ከዚያ ወደ ሹፌሩ ወንበር አልፎ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጫማውን ውጭ ረስቶ ሄዷል። ስለዚህ ሌባው እትዬ ሰቢሃ ዘንድ የሚገባ የሚወጣ ሰው ነው።

የሰቢሃ ባል ጋሽ ኢስሃቅ በላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በትንሿ የአስም መንፊያ መድኃኒት ይስባሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ደረታቸው የለንደንን ብርድ አልችል ካለ ወዲህ ብርዱ ሲገባ ካምፐሩን እየነዱ ስፔን ደቡብ ጠረፍ ይወርዳሉ። እዚያ አቮካዶና ማንጎ በደጅ ይበቅላል፣ ሰው በታኅሣሥ ባሕር ይገባል፣ ጋሽ ኢስሃቅም ሌሊቱን ሳያስላቸው ያድራሉ።

«ረቡዕ መርከብ አለን» አሉ ሰቢሃ። «እስከ እሁድ ካልደረስን ደግሞ ቦታችን ሄደ ማለት ነው። ባሕሩ ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነን። ነፋሱ በቀጥታ ደረቱ ውስጥ ነው የሚገባለት። በቀኑ ካልተገኘን የካምፑ ሰዎች ለተረኛው ይሰጡታል።»

ሃርነት ተረኛው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረባት። አልጠየቀችም፤ ሐሳቧ ቁልፉ ላይ ነበር።

«የሞተሩ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከምድጃው በላይ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ፣ ሚስማር ላይ። በጎን በር ለገባ ሰው ቅርብ ነው።»

«የጎን በሩ ቁልፍ ያለው፣ ሚስማሩንም የሚያውቅ ሰውስ?»

ባልና ሚስት ተያዩ። ጋሽ ኢስሃቅ እንደ መራራ መድኃኒት ጨክነው ተፉት። «ተክለ ነው። የበሩ ጠባቂ። የዕድሜ ልክ ወዳጄ ነው፤ ለክፉ ቀን ብለን እሱ ዘንድ አንድ ቁልፍ እናስቀምጣለን። ግን እሱ... አይ እንግዲህ! እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

*

አቶ ተክለ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው ንግስቲ ከሞተች ወዲህ ከስተዋል፤ የጥበቃ ልብሱ ሰፍቷቸዋል።

«አቦይ ተክለ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከበሩ አልተነቃነቅሁም።»

«ያን የሚያህል መኪና በበሩ ሲወጣ አላዩም?»

«አላየሁም።»

ሃርነት በስልኳ ያነሳችውን ፎቶ አሳየቻቸው። «ይሄ ጫማ የማን ነው?»

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ቀረብ ራቅ አድርገው አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። «የኔ ነው» አሉ። «ግራ እግሬ አጠር ስለሚል ሆስፒታል የሠራልኝ ንጣፍ ውስጡ አለ። የኔ ነው ልጄ። እዚያ ማን እንዳደረሰው ግን በማርያም ይዤሻለሁ አላውቅም!»

እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟችሁ ያውቃል? የሚዋሽ ሰው ጫማውን ይክዳል፤ እውነተኛ ሰው ደግሞ የበሩን ነገር ይናገራል። እኚህ ሽማግሌ ጫማውን አምነው በሩን ይዋሻሉ። መዋሸታቸውን ሃርነት አላጣችውም፤ ጣታቸው የልብሳቸውን ቁልፍ እያሽከረከረ ነበር። የሚዋሹት ለምን እንደሆነ ነው ያቃታት።

*

መጀመሪያ ግን ልጁን ማጣራት ነበረባት። የኢስሃቅ ልጅ አህመዲን ስታዲየሙ ውስጥ ይሠራል፤ የአባቱን ጉዞም አጥብቆ ይቃወማል።

«ሊስን፣ አልደብቅሽም» አላት። «ካምፐሩ ቢቃጠል ደስ ይለኝ ነበር። ፋዘር አምና እዚያ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ እኔ በስልክ ነው ያበድኩት። ግን አልነካሁትም። ዛሬ ማች አለ፣ ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ነኝ፤ ቼክ አድርጊ።»

ቼክ አደረገች። እንዳለውም ካሜራው ሁሉ እሱን ይዞታል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሃርነት ሳትኖር ኮሊንስ አቶ ተክለን ሰፈራቸው ሃርልስደን፣ ዋናው መንገድ ላይ አገኛቸው። ከአትክልት ሱቁ ቲማቲም ገዝተው ሲወጡ እጃቸውን በካቴና አስሮ ወሰዳቸው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጣ፣ ሥጋ ሻጩ ወጣ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ዞረ። ቲማቲሙ አስፋልት ላይ ተንከባለለ። ሃርነት ስትሰማ ደሟ ፈላ።

«እኚህ ሰው ሮጠው የት ሊደርሱብህ ነው? ለአንድ ሽማግሌ ካቴና!»

አለቃዋ ግን ከኮሊንስ ጋር ነው። «ጫማው የሱ ነው። ቁልፉ እጁ ላይ ነው። በር ላይ ቆሜ አላየሁም ይላል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ነገ ማታ ክስ ይመሠረትበታል።»

ክስ ማለት ለሌላው ሰው ወረቀት ነው። ለአቶ ተክለ ግን ገበያ መሀል ሌባ ተብለው መቅረት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ሰላም ይላቸዋል?

*

ሰኞ ሳይመሽ ሃርነት ወደ መዝገቡ ሱቅ ሄደች። መዝገቡ ሃርልስደን ውስጥ የቅመማ ቅመም አስመጪ ነው፤ እሱም የራሱ ካምፐር አለው፣ ስፔንም ከነኢስሃቅ ጋር ነው የሚሰፍረው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለእንግዳ ወንበር ለመሳብ የሚቸኩል ሰው ነው።

«ውይ የኛ ልጅ! ኢንስፔክተር! እንዴት ያኮራል!» አላት። «ምን ዓይነት ጉድ ነው የመጣብን? ኢስሃቅ ጎረቤቴ ነው እኮ። እሱ ፊት ለፊት፣ እኔ ከኋላው። ማታ ማታ ዓሣ እንጠብሳለን።»

«አቶ ተክለን ያውቋቸዋል?»

«ደግ ሰው ነው። ደግ ነበር ልበል? ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቸኝነቱ ሰውየውን ለወጠው። እንግዲህ ሰው ምን ይታወቃል?» ከንፈሩን መጠጠ።

«እርስዎስ እሁድ ጠዋት?»

«ቤተ ክርስቲያን! ከኪዳን ጀምሮ እስከ ሠርሆተ ሕዝብ። ከዚያ አዳራሽ ገብቼ በላሁ። ሕዝበ ክርስቲያኑ ምስክሬ ነው።»

ጠየቀች፤ ሕዝበ ክርስቲያኑም መሰከረ። ጠዋት ፊት ቆሞ አይተውታል፤ በኋላም አዳራሹ ውስጥ እንጀራ ሲጠቀልል አይተውታል። ሃርነት ስሙን ሰረዘችው።

*

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ወደ ጣቢያው እስር ክፍሎች ወረደች። ለንደን ውስጥ እስረኛ ጫማውን ከክፍሉ በር ውጭ ያስቀምጣል፤ ደንቡ ነው። ኮሪደሩ ላይ እዚህም እዚያም ጫማ ተደርድሯል። ሃርነት ከአቶ ተክለ በር ደርሳ ልታንኳኳ ስትል ቀጥ አለች።

በሩ ስር ያለው ጥቁር ጫማ ትልቅ ነው። አነሳችው። ውስጡ የሆስፒታል ንጣፍ የሚባል ነገር የለም፤ ቁጥሩም እንደ ማስረጃ ከተያዘው ጫማ ይበልጣል። እኚህ ሰው ሁለት ቀን ሙሉ በሰው ጫማ ሲሄዱ ማንም ልብ አላለም፤ እሷም ጭምር። በራሷ ተናደደች።

ከዚያ ጫማዎቹን ከነአደራደራቸው አየቻቸው። የኛ ሰው ጫማውን በር ላይ ደርድሮ የሚገባው የት ነው?

በሩን አስከፍታ ገባች። «አቦይ ተክለ፣ እግርዎ ላይ የነበረው ጫማ የማን ነው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«እሁድ በሩ ላይ አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያን ነበሩ።»

«ተይው ልጄ።»

«አልተወውም! ዛሬ ማታ ሊከሱዎት ነው። ይንገሩኝ።»

የአቶ ተክለ እንባ መጣ። «የንግስቲ ሙት ዓመት ነበር። ፈረቃ ቀይሩልኝ ብዬ ለመንኩ፤ እምቢ አሉኝ። ስሟ ሲጠራ እንዴት አልገኝ? ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ በሩን ሳልቆልፍ ገርበብ አድርጌ ሄድኩ። ከኋላ ጥግ ቆሜ ጸሎቱን ሰምቼ ቶሎ ልመለስ ስወጣ ጫማዬ የለም። ያንን የመሰለ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ ቀርቷል። ሰው ተሳስቶ ነው፣ በሚቀጥለው እሁድ እንለዋወጣለን አልኩና አጠለቅሁት። ታዲያ ምን ልበል? ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ፣ በሚስቴ ሙት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን የሰው ጫማ አድርጌ ወጣሁ ልበል? አፈርኩ ልጄ!»

ሃርነት ሽማግሌውን አቅፋ ልትስማቸው ምንም አልቀራት። «አቦይ፣ አልሰረቁም እኮ!» አለች በደስታ እየጮኸች። «የሌባውን ጫማ ነው አድርገው የመጡት!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሌባው በቅዳሴው መሀል ሹልክ ብሎ ሲወጣ በችኮላ የአቶ ተክለን ጫማ አጠለቀ። ካምፐሩ ደረጃ ስር አወለቀው። የራሱ ጫማ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቀርቶ አቶ ተክለ አደረጉት። አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በዚያ ዕለት በባዶ እግሩ የቀረው ማን ነው?

*

የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ የምትመራው ኣብሪሃት ናት፤ እሁድ እሁድ ምግብ የምታቀርበውም እሷ ናት። ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር የለም፤ ከአፏም እንደዚያው። ሃርነት ስትደርስ ድስት እያጠበች ነበር።

«እሁድ ዕለት እግሩ ላይ እንግዳ ነገር ያየሽበት ሰው ነበር?»

ኣብሪሃት ድስቱን አስቀመጠች። «መዝገቡ ነዋ! በዚያ ብርድ በሸበጥ! ከሱፍ ልብስ ጋር ሸበጥ! ‹አንተ፣ ገና ሃርልስደን ሳለህ ስፔን ገባህ እንዴ?› አልኩት። እግሬ አብጦብኝ ነው አለ። እግሩ ደህና ነው፣ እኔ አይቻለሁ። ደግሞ ያ ሸበጥ! አንደኛው ማሰሪያ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን የተሰፋ። ያ ሁሉ ሀብት እያለው! ታዘብኩት።»

ሃርነት ስልኳን አውጥታ እትዬ ሰቢሃ ጋ ደወለች። «እትዬ፣ ካምፐሩ ውስጥ የጋሽ ኢስሃቅ ሸበጥ ነበር?»

«አዎ፣ በር ስር። ተበጥሶበት እራሱ በማጥመጃው ክር የሰፋው። ምነው ልጄ?»

«ሁለት ነገር ይንገሩኝ። የጎን በሩን ቁልፍ ለመዝገቡ ሰጥተውት ያውቃሉ?»

«አምና ኢስሃቅ ሆስፒታል ሲገባ ቤቴን ጠብቅልኝ ብዬ ሰጥቼው ነበር። ግን መልሷል።»

«እናንተ በቀኑ ካልደረሳችሁ የፊቱን ረድፍ የሚወስደው ተረኛ ማን ነው?»

እትዬ ሰቢሃ «ወይ አላህ!» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «መዝገቡ ነው።»

*

መዝገቡ ቤቱ ደጃፍ ላይ የራሱን ካምፐር እየጫነ ነበር። ሃርነትና ኮሊንስ ሲደርሱ የጎን በሩ ተከፍቷል። ደረጃው ስር፣ በሥርዓት የተቀመጠ አንድ ጥንድ ሸበጥ አለ። አንደኛው ማሰሪያ በናይለን ተሰፍቷል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልማድ የሚሉት ነገር ጠላት ነው!

«አቶ መዝገቡ፣ ይህን ጫማ አንድ ጊዜ ይሞክሩልኝ» አለች ሃርነት፣ ከአቶ ተክለ በር ስር የወሰደችውን ትልቁን ጫማ አቅርባ።

«የኔ አይደለም» አለ ሳያየው።

«የእርስዎ ካልሆነ እሺ። ያ ሸበጥስ? እሱም የእርስዎ ነው?»

መዝገቡ ወደ ደረጃው ዞረ። አየው። ሳቂታው ፊት ወረደ፤ ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ልጎዳው ፈልጌ አይደለም» አለ። «መጋዘኔ ውስጥ ነው ያለው፣ ሃርልስደን፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን። ጭረት የለበትም። ከእሁድ በኋላ መልሼ አቆመው ነበር። ስንት ዓመት ነው ከኋላ ተቀምጬ የኢስሃቅን ካምፐር ጀርባ የማየው? ባሕር ለማየት እኮ ነው የምሄደው! ዘንድሮ ለእንግዶቼ ሁሉ ፊት ለፊት ነኝ ብዬ ተናግሬአለሁ። ቁልፉን አምና አስቀርጬው ነበር... አሳብ ነበር፣ ዝም ብሎ አሳብ። እሁድ ተክለን ቤተ ክርስቲያን ጥግ ቆሞ ሳየው ግን ግቢው ጠባቂ እንደሌለው ገባኝ። እየነዳሁ ፔዳሉ እግሬን ሲያቀዘቅዘው ነው ጫማዬን መርሳቴን ያወቅሁት። እንዴት ልመለስ?»

«ሰኞ ዕለት ተክለ መታሰራቸውን ሰምተሃል» አለች ሃርነት። እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «ፊቴ ቁጭ ብለህ ከንፈርህን መጠጥክ! እኚህ ሰው በካቴና ሲታሰሩ አንተ እዚህ ሻንጣ ትጭናለህ?»

«ይፈቱታል ብዬ ነው...»

«ማን ነው የሚፈታቸው? አንተ እያወቅህ ዝም ካልክ ማን?»

ኮሊንስ ካቴናውን አወጣ፤ ወደ ሃርነት አየና መልሶ ኪሱ ከተተው። «እጁ ሳይታሰር ይሂድ» አለ ቀስ ብሎ። መማር የሚፈልግ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ይገባዋል።

*

ሃርነት አለቃዋ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱንም ጫማ ስታስቀምጥ አለቃዋ አየ፣ አየና ወረቀቱን ፈረመ። ቄሱም ስለ ንግስቲ ጸሎት ሲደረግ አቶ ተክለ ጥግ ቆመው ሲያለቅሱ ማየታቸውን መስክረዋል።

ረቡዕ ማለዳ ጋሽ ኢስሃቅና እትዬ ሰቢሃ ከመጋዘኑ የወጣውን ካምፐራቸውን ይዘው ጣቢያው በር ላይ ቆመው ጠበቁ። አቶ ተክለ ወጡ። ጋሽ ኢስሃቅ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አቶ ተክለ ክንዳቸውን ያዙ።

«እኔ ነኝ ስምህን የጠራሁት» አሉ ኢስሃቅ። «አፌን ያድርቀው!»

«አዎ፣ አንተ ነህ» አሉ ተክለ። አላለዘቡትም። «አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩህም ነበር እኔ።»

ሃርነት የመፈታት ወረቀቱን ዘረጋች። «አቦይ፣ ነጻ መሆንዎ እዚህ ተጽፏል።»

«ወረቀቱን ያዥው ልጄ። ወረቀቱን ለማን ላሳይ? ሥጋ ሻጩ ያነበዋል? ሲወስዱኝ ያየ ሰው ሁሉ ስመለስም ይየኝ።»

ጋሽ ኢስሃቅ ቀና አሉ። ጡረታ የወጣው ሹፌር ዓይን በራ። «በዚያ መንገድ ላይ ስንት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ! ና ግባ። መጀመሪያ በሃርልስደን፣ ከዚያ ስፔን። አብረኸን ትሄዳለህ።»

«ሥራዬስ?» አሉ ተክለ፣ ከዚያ ራሳቸው ሳቁ። «የምን ሥራ! ለሚስቴ ሙት ዓመት ፈረቃ ለማይቀይር ግቢ! የበሩን ቁልፍ ዛሬ እልክላቸዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ያ ረጅም ነጭ ካምፐር እንደ ሙሽራ መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ ሃርልስደን ዋናው መንገድ ገባ። ፊት ወንበር ላይ፣ መስኮቱን እስከ ታች ከፍተው፣ አቶ ተክለ ተቀምጠዋል። ሃርነትና ኮሊንስ በፖሊስ መኪና ቀድመዋቸው ደርሰዋል። ፀጉር አስተካካዩ ወጣ። ሥጋ ሻጩ ወጣ። ኣብሪሃት ቀድማ ወሬውን ስለነዛችው ሰዉ በየሱቁ በር ተሰልፏል።

አትክልት ሱቁ ፊት ለፊት፣ ልክ ሰኞ ዕለት ቲማቲሙ የተበተነበት ቦታ ላይ፣ ጋሽ ኢስሃቅ መንገዱ መሀል አቆሙና ወረዱ። ከኋላ ያለው ቀይ አውቶቡስ ጮኸ። ሃርነት ሮጣ ከፊቱ ቆመች፤ ሁለት እጇን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችው።

«ጎረቤቶች!» አሉ ኢስሃቅ፣ ያ የታመመ ደረት ያን ድምፅ ከየት እንዳመጣው እንጃ። «ይህን ሰው እዚህ ላይ ታስሮ ሲሄድ አይታችኋል። የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ! ተክለ ንጹሕ ነው! ስሙን ያጎደፍኩት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ!»

ሥጋ ሻጩ ደም ባለበት ሽርጡ አስፋልቱን አቋርጦ መጣና፣ በመስኮቱ እጁን ሰዶ የአቶ ተክለን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከኋላው ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሱ ኋላ የማያውቋቸው ሁሉ ተሰለፉ። የአውቶቡሱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ምንድነው ብሎ ጠየቀ፤ ሲነገረው እሱም ጡሩምባውን ለደስታው ለቀቀው። ኣብሪሃት እልልታውን አቀለጠችው፤ እትዬ ሰቢሃ ከካምፐሩ ውስጥ ተቀበሏት።

«ኧረ በቃህ ግባ!» አሉ አቶ ተክለ፣ እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ፣ እየሳቁ። «መንገድ ዘጋህ እኮ!»

ሃርነት ገና እጇን እንደዘረጋች አውቶቡሱ ፊት ቆማለች። ካምፐሩ በሰው መሀል ቀስ እያለ ሲያልፍ በዓይኗ ሸኘችው። ኮሊንስ እያያት መሆኑን አውቃለች፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ሌሎች ፖሊሶችም መጥተዋል። ጉዳይዋም አልነበረም። ኢንስፔክተር ሃርነት በሃርልስደን መንገድ መሀል ቆማ፣ አፏን ሞልታ እልል አለች።